የአንጀኒ እርከንና የጅጋ ወንዝ
ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ ደምበጫን ካለፈ በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም ሳይደርስ ጅጋን ያገኛል። በዚህ አካባቢ የብር ወንዝ ይወርዳል። የወንዙን ከፍታ የሚመዘግብ የውሃ መለኪያ ጣቢያ ጅጋ አጠገብ ስለ ተተከለ፣ የአባይን ገባሮች የሚያጠኑ መሐንዲሶች የጅጋን ስም የሚያውቁት በገበያዋ ሳይሆን በዚሁ መለኪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መለኪያው በዋናነት የሚናገረው ስለ ውሃው ብዛት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ቀልቶና ደፍርሶ ሲወርድ ከውሃው ጋር አብሮ የሚሄደውን ሀብት ግን ማንም ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ይህም ሀብት አፈር ነው።

ይህ ንግግር የሚመለከተው ያንን አፈር በቦታው ለማቆየት በምዕራብ ጎጃም የተደረገውን ጥረት ነው። አፈር እንደሚሸረሸርና መሸርሸሩም ጎጂ እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ መንገር አስፈላጊ አይደለም። አስፈላጊ የሚሆነው አፈሩን ለማዳን የሚከፈለው ዋጋ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍና ለስንት ዓመት እንደሚያርፍ መመርመር ነው። ለዚህም ምርመራ ከጅጋ ብዙም ሳይርቅ፣ ከደምበጫ በስተ ሰሜን በሚገኘው ደጋ ላይ፣ አንጀኒ የሚባል ቦታ ጥሩ ምስክር ሆኖ ቆሞአል።

በቅድሚያ ስለ አገሩ ጠባይ ጥቂት መናገር ይገባል። ምዕራብ ጎጃም ዝናብ የማያጣው፣ በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳውና የቡሬ በርበሬው የታወቀ፣ ከራሱ አልፎ ለሌላው የሚተርፍ አገር ነው። በዚህም ምክንያት ድርቅ ወሎንና ትግራይን በመታ ጊዜ ጎጃም የችግር አገር ተብሎ አልተቆጠረም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜና ከዚያም በኋላ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር የተሠራው እርከንና የተተከለው ችግኝ በአመዛኙ ድርቅ ባጠቃቸው አውራጃዎች ነበር። ይሁን እንጂ አፈርን የሚያጥበው የዝናብ እጥረት ሳይሆን የዝናብ ብዛት ነው። በአንጀኒ በዓመት ከ1,600 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል፤ የዚህም ዝናብ አብዛኛው በክረምት ወራት ይወርዳል። ጤፍ ዘሪው ገበሬ መሬቱን አራትና አምስት ጊዜ አርሶ፣ አለስልሶ፣ ዘሩን የሚበትነው ደግሞ ልክ ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ወር ነው። ስለዚህ ማሳው እንደ ዱቄት በላመበትና አንዲት ቅጠል ባልሸፈነችው ሰዓት የዓመቱን ኃይለኛ ዝናብ ይቀበላል። የለምለም አገር አፈር ከደረቅ አገር አፈር ይልቅ በብዛት የሚታጠብበት ምሥጢር ይኸው ነው። ለምለምነቱ ጉዳቱን ሸፍኖት ኖሯል።

የመሬቱ ልብስ እንዴት እንደ ተገፈፈ ደግሞ ዶክተር ጌቴ ዘለቀና ስዊሳዊው ፕሮፌሰር ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ጥናት በግልጽ ያሳያል። ሁለቱ ምሁራን ከአየር የተነሡ የቆዩ ፎቶግራፎችን ከመስክ ምልከታ ጋር አገናዝበው በደምበጫ አካባቢ የመሬቱን አጠቃቀም መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ከአካባቢው 27 በመቶ የሚሆነው በተፈጥሮ ደን የተሸፈነ ነበር። በ1982 ይህ ደን ወደ 2 በመቶ ወረደ፤ በ1995 ደግሞ 0.3 በመቶ ብቻ ቀረ። የሚታረሰው መሬት በአንጻሩ በመጀመሪያው ዘመን 39 በመቶ የነበረው በመጨረሻው 77 በመቶ ሆነ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ፣ ማለትም ልጅ ሆኖ በደን ውስጥ ከብት የጠበቀ ሰው ሽበት ሳያወጣ፣ ደኑ አለቀ ማለት ነው። የቀረውንም አገር በቀል ዛፍ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ወደ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ መሄድ ይኖርበታል። ደኑን የበላው ምጣዱና ምድጃው ብቻ አልነበረም፤ በዋናነት ማረሻው ነው፤ ማረሻውን ወደ ተዳፋቱ የገፋውም የሚጎርሰው አፍ መብዛቱ ነው።

የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በመባል የሚታወቀው ሥራ በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1981 ተጀመረ። በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በደቡብ ጉኑኖ ጣቢያዎች ተቋቋሙ። የአንጀኒው ጣቢያ በ1984 ተከተለ። ተፋሰሱ 113 ሄክታር ብቻ የሆነች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 እስከ 2,500 ሜትር ላይ የምትገኝ ትንሽ ሸለቆ ናት። ሥራው የሚያኮራ ታይታ አልነበረውም፤ ዝናቡን በየዕለቱ መለካት፣ ከትናንሽ መደቦች የሚታጠበውን አፈር በርሜል ውስጥ አጠራቅሞ መመዘን፣ ከተፋሰሱ የሚወጣውን ጅረት ናሙና መቅዳት ነበር። በዚህ ዓይነት ከዓመት ዓመት የተጠራቀመው መዝገብ ግን ዛሬ በአገሪቱ ውስጥ ተወዳዳሪው ጥቂት ነው። ጣቢያው በኋላ ለክልሉ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ተላልፏል።

የተገኘው ውጤት አስደንጋጭ ነበር። ፕሮፌሰር ሁርኒ በአገሪቱ የሚታረሰው መሬት በአማካይ በሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚያጣ ሲገምቱ፣ በአንጀኒ ጥበቃ ካልተደረገላቸው የሙከራ መደቦች የተመዘነው ከ100 ቶን በላይ ሆነ። አኃዙን ወደ ገበሬ ዓይን መመለስ ያስፈልጋል። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አፈር ከአንድ ሄክታር ላይ ቢነሣ ወደ 12 ቶን ይመዝናል። እንግዲህ 120 ቶን ማለት አንድ ሴንቲሜትር ነው። በአሥር ዓመት አሥር ሴንቲሜትር፣ ማረሻ ከሚሰነጥቀው ጥልቀት ብዙም የማይተናነስ፣ ይሄዳል። ከሥር የሚወጣውም አፈር አሲዳማ ስለሚሆን ማዳበሪያውን በሚገባ አይቀበልም፤ ኖራ ይጠይቃል፤ ኖራውም ገንዘብና ማጓጓዣ ይጠይቃል።

ለዚህ የታሰበው መድኃኒት «ፋንያ ጁ» የሚባለው እርከን ነበር። ስሙ የስዋሂሊ ሲሆን አፈሩን ወደ ላይ መጣል የሚለውን አሠራር ያመለክታል፤ አሠራሩም የተስፋፋው በኬንያ፣ በተለይም በመቻኮስ ደረቅ ኮረብታዎች ነው። በተዳፋቱ አግድም ቦይ ይቆፈርና የተቆፈረው አፈር ወደ ላይኛው ጎን ተጥሎ ክትር ይሆናል። ከላይ የሚታጠበው አፈር በክትሩ ላይ እያረፈ ስለሚሄድ፣ ገበሬው ክትሩን በየዓመቱ ከፍ ካደረገው ተዳፋቱ ቀስ በቀስ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። በአንጀኒ ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ተፋሰሱን አዳረሰ። በመቻኮስ የእርከኑ ዓላማ ውሃን ማቆየት ሲሆን በአንጀኒ ግን ውሃ በዝቶ ስለሚያስቸግር ክትሩ ወደ አንድ ጎን ጥቂት ዘንበል ብሎ ትርፉን ውሃ እንዲያስወጣ ተደርጎ ተቀየሰ። ይህ ዘንበል የሚለው መስመር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ኋላ እንደሚታየው የጭቅጭቁ ሁሉ ምንጭ እርሱ ነው።

ክቡራን ሆይ፣ እዚህ ላይ ነገሩን ከገበሬው ወገን ሆኖ ማየት ይገባል። አራት ቃዳ መሬት ያለው ገበሬ፣ ማለት አንድ ሄክታር ያህል፣ ክትሩና ቦዩ ከመሬቱ አንድ አሥረኛውን ወሰዱበት ተብሎ ቢታሰብ፣ ግማሽ ቃዳ የሚጠጋ እርሻ በአንድ በጋ አጣ ማለት ነው። ተዳፋቱ እየቆመ በሄደ ቁጥር ክትሮቹ ስለሚቀራረቡ የሚያጣው ይበዛል። በሬዎቹ በጠባቡ እርከን ላይ መዞር ይቸግራቸዋል፤ የለመደውን መስቀለኛ እርሻ ማረስ ይከብደዋል። ክትሩ ለአይጥ መኖሪያ ይሆናል። ከክትሩ በላይ ውሃ ተኝቶ ሰብሉን ቢጫ ያደርግበታል። ምርቱስ? በጣቢያዎቹ የተደረገው ጥናት እንደሚመሰክረው በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ዓመታት እርከን አፈሩን በእጅጉ ቢይዝም ምርትን አልጨመረም። ባለሙያው በሚዛኑ ላይ የዳነውን አፈር ሲያይ፣ ገበሬው በጎተራው ውስጥ የጎደለውን እህል ያያል። ሁለቱም የሚያዩት ዕውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን ባላዋቂነት ሊከስ አይችልም።

ከዚህም በላይ ገበሬው የራሱ ጥበብ የሌለው ሆኖ አልተገኘም። የጎጃም ገበሬ ከዘራ በኋላ በማሳው ላይ «ፈሰስ» የሚባለውን ቦይ በማረሻ ያወጣል፤ ትርፉ ውሃ ሰብሉን ሳያጠፋ እንዲወርድ ነው። ፈሰስ የራሱ ጉድለት አለበት፤ ቁልቁል ሲቀደድ ቦረቦር ይወልዳል። ነገር ግን ፈሰስ የሚያነሣው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ ዝናብ በሚበዛበት አገር መቅደም ያለበት ውሃው የት ይሂድ የሚለው ነውና። ይህን ጥያቄ ሳይመልስ የተሠራ እርከን በመጀመሪያው ጎርፍ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ያጠራቀመውን ውሃ በአንድ ቦታ ስለሚለቀው ጉዳቱ ካለመሠራቱ የከፋ ይሆናል።

የሆነው ሆኖ የአንጀኒ እርከን አልፈረሰም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በልዩ ልዩ አውራጃዎች በትእዛዝ የተሠሩ ብዙ እርከኖች በገበሬዎች እጅ ሲናዱ፣ የአንጀኒዎቹ በአመዛኙ ቆመው ቀሩ፤ እየበሰሉም ሄደው ዛሬ ተዳፋቱ እውነተኛ ደረጃ ሆኖ ይታያል። ከሁለት አሥርተ ዓመታት በኋላ የተደረገ ጥናትም በቆዩት እርከኖች ላይ የተዘራው ሰብል እርከን ከሌለበት መሬት የተሻለ ምርት እንደ ሰጠ አሳይቷል። እንግዲህ ጥቅሙ የመጣ ቢሆንም የመጣው ዘግይቶ ነው። ዋጋው ግን የተከፈለው በመጀመሪያው በጋ ነበር። በሁለቱ መካከል ያሉትን ዓመታት ማን ይሸከማቸው የሚለው ጥያቄ በብዙ ዕቅዶች ውስጥ በቂ መልስ ሳያገኝ ኖሯል።

አንድ ገበሬ ለልጁ የሚበስል እርከን እንዲሠራ ሲጠየቅ ደግሞ መሬቱ በልጁ እጅ እንደሚቆይ ማመን አለበት። በጎጃም ይህ እምነት ብዙ ጊዜ ተፈትኗል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ምክንያት አድርጎ የተነሣው የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ ሥሩ ርስት ይነካል፣ መሬት ይለካል የሚለው ሥጋት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ እንደ ገና ሽግሽግ ተደረገ። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱን መመርመር የዚህ ንግግር ጉዳይ አይደለም። ገመድና የውሃ ልክ ይዞ ማሳ ውስጥ የሚገባ ቀያሽ ግን ይህን ሁሉ ትዝታ ይዞ የሚመለከተው ሰው ፊት እንደሚቆም ቢያውቅ መልካም ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በጎዛምንና በደሴ ዙሪያ ተሞክሮ ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች የተስፋፋው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በዚህ ረገድ ብዙ ጠቅሟል። ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ክትሩን ከፍ ለማድረግ አካፋ የሚያነሣበት ምክንያት አለው።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት የሚካሄደው የሕዝብ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በስፋቱ ከዚህ በፊት ከተደረገው ሁሉ ይበልጣል። ገበሬው ለብዙ ቀናት ያለ ክፍያ ይሠራል፤ በክልሉ ውስጥ ያልነካው ወረዳ የለም ለማለት ይቻላል። ጉልበቱ የሚያስመሰግን ነው። በ2015 ዓ.ም. ክልሉን የገጠመው ግጭት እስከ መጣበት ድረስም ሥራው በየበጋው ቀጥሏል። ይሁንና ሪፖርት የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተሠራው ኪሎ ሜትር ነው፤ ባለፈው ዓመት ከተሠራው ስንቱ እንደ ቆመ የሚናገር ሪፖርት ግን ብርቅ ነው። ፋንያ ጁ ቦዩ ሲሞላ ካልተጠረገና ክትሩ ካልተነሣ በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ሥራውን ያቆማል። አጨዳው ካለቀ በኋላ ከብቶች በየማሳው ልቅ ስለሚለቀቁም ገና ያልጸናውን ክትር ይንዱታል። ኪሎ ሜትር መቁጠር ቀላል ስለ ሆነ ይቆጠራል፤ ጥገናን መቁጠር ከባድ ስለ ሆነ ይታለፋል። ይህ የገበሬው ሳይሆን የባለሙያው ጉድለት ነው።

ሌላም ያልታሰበ ነገር አለ። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ በምትገኘው በደብረ ማዊ የባሕር ዳርና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ያደረጉት ጥናት ከተዳፋት ማሳዎች ከሚታጠበው አፈር ይልቅ በሸለቆው ግርጌ የሚከፈተው ቦረቦር የሚወስደው እጅግ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በክረምቱ አጋማሽ የግርጌው መሬት ውሃ ጠግቦ ስለሚላላ ዳርቻው እየተናደ ይሄዳል። ይህ ግርጌ ብዙውን ጊዜ የወል ግጦሽ ነው፤ የሁሉም ስለ ሆነ ዘብ የሚቆምለት የለም። ዘመቻውም የሚጀምረው ከላይ፣ ከተዳፋቱ በመሆኑ፣ ወደ ታች ከመድረሱ በፊት በጋው ያልቃል።

አሁን ደግሞ የአየር ጠባይ ለውጥ በዚህ ሁሉ ላይ ተጨምሯል። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሯል። በዓመታዊው የዝናብ መጠን ላይ አገር አቀፍ የሆነ ግልጽ አዝማሚያ በዚያ ዘመን ባይታይም፣ አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ሊይዝ ስለሚችል የሚዘንበው ዝናብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኃይሉን የሚያወርድ እየሆነ እንዲሄድ ይጠበቃል። አፈርን የሚያነሣው የዓመቱ ድምር ሳይሆን የአንዲት ከሰዓት በኋላ ዶፍ ነው። የአንጀኒ ክትሮች የተቀየሱት በ1986 ለታወቀው ዝናብ ነበር። ለሚመጣው ዶፍ ቦዩ ይበቃ እንደ ሆነ መለካት የመሐንዲሶች ግዴታ ነው። የጅጋ ገበሬ ግን ለዚህ ሙቀት ያዋጣው የምድጃ ጭሱንና የበሬውን እስትንፋስ ብቻ ነው ቢባል ከዕውነት የራቀ አይሆንም።

ወደ ታች የሚሄደው አፈር መድረሻው ሩቅ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1966 በአባይ ላይ የሠራችው የሮዛሪስ ግድብ ከመያዣ አቅሙ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ደለል እስኪወስድበት ድረስ ተሞልቶ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠውና በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ከእንግዲህ የብርና የተምጫ፣ የፈጣምና የላህ ወንዞች የሚሸከሙት አፈር የሚያርፈው በዚያ ነው። በደጋው የሚሠራ እርከን እንግዲህ የማሳ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን መብራት የሚያበራውንም ሁሉ ያገለግላል። ጥቅሙ የብዙዎች ሆኖ ወጪው ግማሽ ቃዳውን ያጣው ሰው ብቻ የሚሆንበት ምክንያት በጽሑፍ ተቀምጦ አይገኝም። ከኃይል ሽያጭ ከሚገኘው ገቢ መጠነኛ ድርሻ ለእርከን ጥገና፣ በተለይም ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት፣ በማዳበሪያ፣ በኖራ ወይም በግብር ቅናሽ መልክ ወደ ላይኛው ተፋሰስ ቢመለስ ልግስና ሳይሆን የሒሳብ ማወራረድ ነው።

እስከዚያው ድረስ ክትሩ ራሱ እንዲያበላ ማድረግ ይቻላል። በክትሩ ላይ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር፣ ትሪ ሉሰርን፣ ወይም ጌሾ ሲተከል የጠፋው እርሻ በመኖና በገበያ ይካሳል፤ መኖ አጭዶ ወደ ቤት የሚያመጣ ሰውም ከብቱን ልቅ የሚለቅበት ምክንያት ይቀንሳል። ገበሬው ዛፍ ጠላት አለመሆኑን ለማወቅ ከጅጋ እስከ ቡሬ በየጓሮውና በየማሳው ዳር የቆመውን ባሕር ዛፍ መቁጠር ይበቃል። ማንም በዘመቻ አላስተከለውም፤ ግንዱ ስለሚሸጥ ተተከለ።

የመጨረሻው ነገር ከላይ የተጠቀሰው ዘንበል የሚለው መስመር ነው። ክትሩ ውሃውን ወደ ጎን ካወጣው ውሃው በአንድ ሰው ማሳ ላይ መውረድ አለበት። በካርታ ላይ የውሃ መውረጃው ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነው፤ በመሬት ላይ ግን የአንድ የታወቀ ሰው ጤፍ ነው። ከላይ ያሉ አምስት ገበሬዎች እርከን ሲሠሩ የአምስቱ ውሃ በስድስተኛው ወሰን ላይ ይሰበሰባል፤ ስድስተኛውም ቦዩን ደፍኖ ወደ ሰባተኛው ያዞረዋል። በዚህ የተነሣ ጎረቤት ከጎረቤት ይካሰሳል፤ ፈሰስም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ ጠብ ያላጣው በዚሁ ነው። ቀያሹ መስመሩን በጥር፣ መሬቱ በደረቀ ጊዜ፣ አስምሮ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ግን በሐምሌ ዝናብ እያካፋባቸው በማሳው ዳር ተቀምጠው ውሃው በማን በኩል ይለፍ፣ የሚያልፍበትስ ሰው ምን ይካስ ብለው ይፈርዳሉ። መስመሩ ከመሰመሩ በፊት እነዚህን ሽማግሌዎች በማሳው ዳር አስቀምጦ መጠየቅ አንድ ቀን ቢፈጅ ነው። መውረጃው ለሚያልፍበት ሰውም የሣሩን ምርት ለብቻው መስጠትና ይህንኑ በይዞታ ደብተሩ ላይ ማስፈር የሚጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።